ምንም የማይጠይቅ ደብዳቤ

ወለተሐና ፊልም ስታይ ገና የተዋንያኑ ስም ተጽፎ ሳያልቅ ማን እንደሚሞት ትናገር ነበር። ሕፃን ሲስቅ ካየች «ይኼ ልጅ አያድግም» ትላለች። ሙሽሮች ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ካየች «ይገለበጣል» ትላለች። ብዙ ጊዜም እንዳለችው ይሆናል። ሴቶቹ ግን ይቀልዱባታል።

«እስኪ ሰውዬው ሻዩን ይጠጣበት፣ ከዚያ ትገድይዋለሽ» ትላታለች የቤቱ እመቤት ሳዲያ።

ይኼ ሁሉ ነገሌ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የሳዲያ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሳዲያ ባል ዓብዱልመጂድ በጭነት መኪና ሞያሌ እየተመላለሰ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ቴሌቪዥኑንና ቪዲዮ ማጫወቻውን ከከረጢቶች መሀል ሸሽጎ አምጥቶላታል። የከተማው መብራት የሚመጣው ሲመሽ ስለሆነ ግቢው ውስጥ ትንሽ ጄኔሬተር ትነሳለች። የጄኔሬተሯ ጩኸት ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ እሱን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ፊልሞቹ የህንድ ናቸው። ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላቸው። ወለተሐና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ እርሻ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት የምትሠራ ሴት ስለሆነች ጽሑፉን እያነበበች በአማርኛ ትናገራለች። የሳዲያ አማች ሸምሳ ደግሞ የወለተሐናን አማርኛ ወደ ኦሮምኛ ትመልሰዋለች፤ ወተት ሻጯ ጉያቱ አማርኛው ሲፈጥን ያመልጣታልና። ጉያቱ የወተት ዕቃዋን ጮጮዋን ከጎኗ አስቀምጣ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ቀልዱ በሁለት ቋንቋ ዞሮ እሷ ጋ እስኪደርስ ተዋናዩ ማልቀስ ጀምሯል። ስለዚህ ጉያቱ የምትስቀው ሁልጊዜ ሰው ሲያለቅስ ነው። ከሰዎቹም ይልቅ የምታየው ከብቶቹን ነበር።

«ያቺ ነጯ ላም ታማለች» ትላለች። «ሆዷን እዩት። ይኼ ሁሉ ሰው ይዘፍናል፣ ላሚቱን የሚያይ የለም።»

አምስተኛዋ የሺ ናት፤ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። ቪዲዮው የኮንትሮባንድ ነው፤ የሺም ይኼን ታውቃለች። ሳዲያ ገና ከመጀመሪያው ቀን የጋበዘቻት አስባበት ነው። «ያላየችው ፊልም ያስከስሰናል፤ ያየችውን ግን ማንን ትከስሳለች?» ብላለች። የሺ መጥፎ ሴት አልነበረችም። አንድ ልጇ ኃይለማርያም ከሁለት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ነው ያለው። ደብዳቤው ሲመጣ ለሰው ሁሉ ታነባለች። «ደህና ነኝ፣ ምንም አትላኪልኝ፣ ምንም አላጣሁም ይላል። የኔ ልጅ እንደ ሰው ልጅ አያስቸግርም» ትላለች።

ወለተሐና ይኼንን ስትሰማ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰብራለች። ምክንያቱም የእሷ ልጅ ሙሉነህ ያን ጊዜ ከየሺ ጀርባ፣ ከአንድ የሳንቃ በር ወዲያ፣ ሳዲያ ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦ በዓውራ ጣት በምታህል የሳንቃ ቀዳዳ ያንኑ ፊልም እያየ ነበር።

ሙሉነህ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። በ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቀበሌው ይኼን ያህል ልጅ አምጣ ተብሎ አፈሳ ሲጀመር፣ ወለተሐና ሌሎች እናቶች ገና ወሬውን ሳያምኑ ልጇን ሸሽጋ ነበር። ክፉውን ቀድማ ስለምታይ ቀድማ ትዘጋጃለች። ባሏ በወባ ሲሞት ከሐኪሙ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ለሰው ሁሉ «ሸሸመኔ አጎቱ ጋ ሄዷል» አለች። ሳዲያም «ጓዳዬ ይቀመጥ፤ ዓብዱልመጂድ አንድ ቀን በመኪናው ሞያሌ ያሻግርልሻል» አለቻት። ያ አንድ ቀን ግን የኬላው ፍተሻ እየጠነከረ ሦስት ወር አለፈ።

ጓዳውን የመረጡት ያለ ነገር አይደለም። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች የሳዲያን ሱቅም ግቢውንም ሁለት ጊዜ ፈትሸዋል። ሳንቃው በር ጋ ሲደርሱ ግን ሳዲያ ከውስጥ «ሴቶች አለን» ስትል ጠመንጃቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ። በዚያ አገር ዘመድ ያልሆነ ወንድ የሰው ሴቶች ያሉበት ጓዳ አይገባም። መንግሥት አዞኛል ብሎ የሚገባ ደፋር ጥበቃ ገና አልተገኘም ነበር። ወለተሐናም ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በዚያች በር ላይ ነው፤ ቢሆንም ሌሊት ሌሊት በሩ በእሳት ሲያያዝ፣ በጎርፍ ሲወሰድ፣ ምስጥ ሲበላው እያየች ትባንናለች።

ቅዳሜ ፊልሙ አልቆ ሴቶቹ ሲሄዱ «ብርጭቆ ላጥብልሽ» ብላ ወደ ኋላ ትቀራለች። ያ አሥር ደቂቃ ነው የሷና የልጇ ጊዜ። የሚያወሩት ስለ ፊልሙ ብቻ ነበር። እሱ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ የሚያወራው ወሬ የለውም። እሷም የውጪውን፣ ማን እንደተያዘና የማን እናት እንደምታለቅስ መንገር አትፈልግም። ስለዚህ ስለ ጀልባው፣ ስለ ሙሽራው፣ ስለ ክፉው አጎት ያወራሉ። ጄኔሬተሯ ሳትጠፋ ቶሎ ቶሎ ይስላል፤ የሚስለው በእሷ ጩኸት ተከልሎ ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ዓብዱልመጂድ አዲስ ካሴት አመጣ። አንዲት ዕውር ሴት ባቡር ሐዲድ ዳር ትኖራለች። ልጇ ከሩቅ አገር ይጽፍላታል፤ ደብዳቤውን ቀይ ብስክሌት ያለው ፖስተኛ ያነብላታል። አንድ ቀን ልጁ መሞቱን የሚነግር ቴሌግራም መጣ። ፖስተኛው ማንበብ አቃተው። ቴሌግራሙን ኪሱ ከተተና ከራሱ ፈጥሮ «ደህና ነኝ» ብሎ አነበበላት። ከዚያ በየወሩ እየጻፈ ማንበብ ጀመረ። እሷ ደግሞ በየወሩ ማንጎ በጨውና በበርበሬ ዘፍዝፋ በጠርሙስ አድርጋ «ላክልኝ» ትለዋለች። ፖስተኛው የሚልክበት የለውም። ጠርሙሶቹን ቤቱ ደረደራቸው፤ በመጨረሻ የሚተኛበት እንኳ ጠፋ። አሮጊቷ ስትሞት ሳጥኗ ተከፈተ፤ ደብዳቤዎቹ ታዩና ፊልሙ አለቀ።

ያን ቀን ማንም ማን እንደሚሞት አልተናገረም። ወለተሐና ራሷ ጽሑፉን ማንበብ ትታ ነበር። ሸምሳም መተርጎሙን ተወች። ጉያቱ ብቻ፣ ምንም ሳይተረጎምላት፣ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የሺ ተነሥታ ማንንም ሳትሰናበት ሄደች።

ወለተሐና ብርጭቆዎቹን ይዛ ጓዳ ስትገባ ሙሉነህ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር።

«ምን ሆናችሁ ነው የተንሰቀሰቃችሁት» አለ። «ድምፁን አላሰማ አላችሁኝ።»

«አንተስ? ዓይንህ ቀልቷል።»

«አንዱ ነው የቀላው። በአንድ ዓይን እኮ ነው የማየው፣ እማዬ።»

ሳቀች። ከሣቋ በኋላ ክሳቱን አየች፤ ፀሐይ ያጣ ፊቱ የወረቀት መልክ ይዟል። ወሬውን ወደ ፊልሙ መለሰችው።

«ምስኪን፣ ሳታውቅ ሞተች።»

«ታውቃለች እንጂ። ሳጥኑ ሲከፈት አላያችሁም? ደብዳቤዎቹ ሁለት እስር ናቸው። አንዱ በሲባጎ፣ አንዱ በቀጭን የመርፌ ክር። ዕውር ናት፤ በእጇ እንድትለያቸው ነው። በሲባጎ ያሰረችው የልጇን ነው።»

«ማንበብ የማትችል ሴት በምን ታውቃለች?»

«በጆሮዋ። ልጁ በሕይወት ሳለ ሲጽፍ ጫማ ላኪልኝ ይላል፣ ማንጎው አለቀብኝ ይላል፣ ደግሞ አነሰ ብሎ ይቆጣታል። የፖስተኛው ደብዳቤ ግን አንድ ነገር አይጠይቅም። ደህና ነኝ፣ ምንም አላጣሁም። ልጅ ለእናቱ እንደዚህ ይጽፋል? እኔ ብሆን ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ ነው ካልሲ የምጠይቅሽ።»

«ታዲያ ማንጎውን ለምን ትልካለች?»

«ፖስተኛው እንዲበላው ይሆናላ። እሱ ነው ያልገባው» አለ።

ወለተሐና ያን ምሽት ቤቷ ስትሄድ ልቧ ቀሎ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ልጇ ሲታሰባት መኪና፣ ጠመንጃ፣ ጉድጓድ ነበር የሚመጣባት። አሁን ግን አንድ ሌላ ነገር መጣላት፤ ልጇ ብልህ ነው። አምስት ሴቶች በአሥር ዓይን ያላዩትን እሱ በአንድ ቀዳዳ አይቶታል። እሑድንም ሰኞንም ይኼን እያሰበች ዋለች። ለማንም መንገር አትችልም፤ የከበዳት ይኼ ነበር።

ማክሰኞ ጧት የቀበሌው ሱቅ ስኳር ይሰጥ ነበር። ወረፋው እስከ መንገዱ ወጥቷል። የሺ ወረፋ ታስከብራለች። ሸምሳ ከወለተሐና ፊት ቆማ ላላዩት ሴቶች የዕውሯን ፊልም ትተርካለች፤ ሴቶቹም እዚያው ቆመው ተከፋፈሉ።

«ዋሽቷታል፤ ኃጢአት ነው» አለች አንዷ።

«ምን ያድርግ? ሞተ ብሎ በቁሟ ይግደላት?»

«የሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አለች ሸምሳ።

የሺ ወረፋውን እየቆጠረች ነበር፤ ቆም አለች። «እኔ ታድላ ነው የምለው» አለች። «ልጄ ደህና ነው ብላ አምና ሞተች። ከዚህ በላይ ምን አለ? ምንም አላወቀችም።»

ወለተሐና ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረባት። ሕይወቷን ሙሉ ዝም ስትል የኖረች ሴት ናት። ግን ሦስት ቀን አፏ ውስጥ ያቆየችው ነገር ነበር፤ ደግሞም እውነት ነበር።

«አውቃለች» አለች። «ሙሉነህ አይቶታል። ደብዳቤዎቹ ሁለት እስር ናቸው፤ የልጇን በሲባጎ፣ የፖስተኛውን በቀጭን ክር ነው ያሰረችው። ልጇ ሲጽፍ ይጠይቃታላ። የፖስተኛው ግን ምንም አላጣሁም፣ ደህና ነኝ ብቻ ነው። ምንም የማይጠይቅ ደብዳቤ የልጅ ደብዳቤ አይደለም።»

ተናግራ ስትጨርስ ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ወረፋው ሁሉ በእሷ ላይ ማፍጠጡን አየች። ሸምሳ ዞራ በድንጋጤ ታያታለች። ወለተሐና መጀመሪያ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ቀጥሎ ገባት። ካሴቱ ነገሌ ከገባ ስድስት ቀኑ ነው። እሷ ለሰው እንዳወራችው ደግሞ ሙሉነህ ከነገሌ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው።

ወደ የሺ ዞረች። የሺ እንደ ሌሎቹ አልደነገጠችም። ፊቷ ግን በአንድ ጊዜ አርጅቷል። አንድ እጇ ወደ ደረቷ፣ የልጇን ደብዳቤ ወደምታስቀምጥበት ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ወለተሐና ሁለተኛውን ጥፋቷን ያወቀችው ያኔ ነው።

«ሙሉነህ የት አየው?» አለች የሺ። ድምፏ የወትሮው ነው።

«ሸሸመኔ። ካሴቱ እዚያም ደርሷል መሰለኝ። ጽፎልኝ ነው።»

«ጽፎልሽ?»

«አዎ።»

«ምን ላኪልኝ አለ?»

ወለተሐና ካልሲ ማለት ይገባት ነበር። ሳሙና፣ ደብተር፣ ከሁሉ አንዱን ማለት። ክፉ ቀንን ሁሉ አስቀድማ ስታስብ የኖረችው ሴት ለዚህች ለአንዲት ጥያቄ አልተዘጋጀችም።

«ምንም» አለች።

የሺ ራሷን ነቀነቀችና ወረፋውን መቁጠር ቀጠለች።

ወለተሐና ስኳሩን ሳትወስድ በጀርባ መንገድ ሳዲያ ጋ ደረሰች። ሳዲያ ሰምታ በግንባሯ ላይ እጇን አሳረፈች እንጂ አልተቆጣቻትም። «ዓብዱልመጂድ ያቤሎ ነው፤ ሐሙስ ይገባል። ሐሙስ እንወስደዋለን። አሁን በጠራራ ፀሐይ ብናወጣው ራሳችን አስረከብነው ማለት ነው» አለች። «ደግሞ ጓዳዬ አይገቡም። ሁለት ጊዜ መጥተው አልገቡም።»

«እንደዚያ ነው» አለች ወለተሐና። ሙሉነህን አይታው ልትነግረው ፈለገች፤ እሱ ግን ቀዳዳው ሥር ሆኖ ሁሉንም ሰምቶ ነበር።

«ለየሺ ነው የነገርሻት?» አለ።

«ለወረፋው ሁሉ።»

«እና፣ አሸነፍሽ?» አለ፤ ሊያስቃት ብሎ።

ረቡዕ ጧት አራት ጥበቃዎች መጡ። ወለተሐና ቢሮ ታይፕ ላይ ነበረች፤ ሸምሳ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጣ ነገረቻት። ስትደርስ ጥበቃዎቹ ግቢው ውስጥ፣ ጄኔሬተሯ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው በጨዋ ደንብ ቆመዋል። ሳዲያ ሳንቃው በር ላይ ነች። «ሴቶች አለን» ትላለች። ደጋግማ ትላለች። ማንም ወንድ አልቀረባትም።

ከጥበቃዎቹ ኋላ የሺ መጣች። ጫማዋን ደጃፍ አወለቀች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታወልቅበት ቦታ። «ሴት ነኝ፣ ሳዲያ» አለች። «አሳልፊኝ።»

ሳዲያ ከበሩ ፈቀቅ አለች። ያ በር ለወንድ እንጂ ለሴት ተዘግቶ አያውቅም። ወለተሐናም በሩ ሲቃጠል፣ ሲወሰድ፣ ሲበላ በሕልሟ አይታ ነበር እንጂ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ትገባበታለች ብላ አንድም ቀን አላሰበችም።

የሺ ገባች። ውስጥ ብዙ ቆየች። ሲወጡ ሙሉነህ ከፊቷ ነበር፤ ለብርሃኑ ዓይኑን ጨፍኗል። የሺ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፋለት ነበር።

ወለተሐና አጠገቧ ስትደርስ የሺ ቆመች። «እሱን ጠየቅኩት» አለች ቀስ ብላ። «የኃይለማርያምን ደብዳቤዎች አንብቤለት፣ የልጄ ነው ወይስ የሌላ ሰው ነው የሚመስልህ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«አላውቅም አለኝ። አዝኖልኝ ነው።» ከዚያ «ሁለት ዓመት ስተኛ የኖርኩትን እንቅልፍ ነው የወሰድሽብኝ» አለችና ሄደች።

ሙሉነህ በዚያው ቀን ከሌሎች ልጆች ጋር ከቀበሌው ግቢ በመኪና ተጫነ። ወለተሐና መኪናው ላይ ካልሲ ወረወረችለት፤ ይያዘው አይያዘው አላየችም። አቧራው ብዙ ነበር።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ደብዳቤ መጣ። በእጁ የተጻፈ፣ ወደ ጎን ያዘመመ ጽሕፈቱ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ካልሲ ጠየቀ። ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ ከተገኘ በሶ። «አዲስ ካሴት መጥቷል ወይ? ማን ሞተ?» ይላል መጨረሻው። አሥር ጊዜ አነበበችው። የጠየቀውን ሁሉ በአንድ ቀን አሰናድታ ላከች። ደብዳቤውንም እያፈረች፣ በሲባጎ አሰረችው።

ሁለተኛው የመጣው የካቲት ላይ ነው። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ፣ የማታውቀው። «እጄን ትንሽ ስላመመኝ ጓደኛዬ ነው የሚጽፍልኝ» ይላል። «ደህና ነኝ። ምንም አላጣሁም። አታስቢ።» ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጀርባው ባዶ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት ይዛ አየችው። ምናልባት እጁን አሞት ይሆናል። የሰው እጅ ያማል። የታመመ ሰው ግን አፍ አለው፤ ጓደኛውን ካልሲ ብለህ ጻፍልኝ ይላል።

በማግስቱ ስኳር ነበረ። የሺ ወረፋ ማስከበሯን ትታ፣ እንደ ማንም፣ ከወለተሐና ኋላ ቆመች። አምስት ወር አልተነጋገሩም።

«ጻፈ አሉ» አለች የሺ።

ወለተሐና አልዞረችም። «ጻፈ።»

«ምን ላኪልኝ አለ?»

ያን ቀን ወለተሐና እውነቱን ብትናገር ሁለቱም እዚያው አቧራው ላይ ይቀመጡ ነበር። ልትናገረውም ፈልጋ ነበር፤ ያቺን ሴት የምትመታበት ሌላ ነገር አልነበራትም። ግን ከኋላዋ ትንፋሽ ሲያጥር ሰማች። የሺ የምትጠይቀው ስለ ሙሉነህ ብቻ አልነበረም።

«ካልሲ» አለች። «ሁለት ጥንድ። የበፊቱ ስስ ነበር ብሎ ተቆጥቷል።»

የሺ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ወረፋው አንድ እርምጃ ሄደ፤ እነሱም ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን የሺ ወደ ወለተሐና ደጃፍ መጥታ ሁለት ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አስቀመጠች። «ከኔ ነው አትበይው» ብላ ሳትገባ ተመለሰች። ወለተሐና ካልሲዎቹን ይዛ ቤት ገባች። አዲሱ ደብዳቤ ላይ የሚላክበት አድራሻ አልነበረበትም። ሳጥኗን ከፍታ ከታች አስቀመጠቻቸው። በሲባጎ የታሰረውን አነሣች፤ ቋጠሮውን ፈትታ አዲሱን ልትጨምርበት ሞከረች፤ ጣቷ እምቢ አላት። ቋጠሮውን እንደነበረ ተወችው። ዙሪያዋ ጨልሞ ነበር። በእጇ እየዳበሰች የስፌት ዕቃዋ ውስጥ ቀጭን ክር መፈለግ ጀመረች።